ባለ 14 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባዬ ውሃ ያስገባል፤ ልጠግነው ወይስ ልሽጠው?

ጥያቄውን የላኩት በሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ የሚኖሩ አንድ አባወራ ናቸው። ባለፈው ጥቅምት ከጎረቤታቸው ላይ በ1987 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የተሠራ፣ ባለ 14 ጫማ፣ በሪቬት (ላሜራን ከላሜራ በሚያያይዝ አጭር ዘንግ) የተሰፋ የአሉሚኒየም ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከነተሳቢውና ከነባለ 25 የፈረስ ጉልበት ሞተሩ ገዝተዋል። ሁለት ጊዜ ሐይቅ ላይ ሲያወርዱት በሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ ባልዲ የሚያህል ውሃ ከታች ገብቶ አግኝተውታል። አንዱ ወዳጃቸው «ሆዱን በሙሉ በማሸጊያ ቀባው» ሲላቸው፣ ሌላው «በያጅ ጋ ውሰደው» ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ የስድስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆቻቸው እግር እንዲመቸው ከግንባታ ዕቃ መደብር እንዳይበሰብስ በመድኃኒት የታከመ ኮምፔንሳቶ ገዝተው ወለል ሊያነጥፉለት አስበዋል። ጥያቄያቸው እንዲህ ብሎ ያበቃል፦ «ያደግሁት ባሕር ዳር ስለሆነ ውሃ አልፈራም፤ ነገር ግን ይህን ጀልባ ይዤ ሚል ላክስ ሐይቅ ድረስ መሄድ ይገባኛል ወይስ ሳይብስበት ልሽጠው?»

አይሽጡት። በያጅም ጋ አይውሰዱት፣ ማሸጊያውንም ገና አይግዙ፤ የታከመውን ኮምፔንሳቶ ግን ከነጭራሹ ወደ ጀልባው አያስጠጉት። እኔ በዚሁ ግዛት በጀልባ ጥገና ሥራ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ወደ አርባ ዓመት በተጠጋ የሪቬት ጀልባ ውስጥ በሦስት ሰዓት አንድ ባልዲ ውሃ መግባቱ የእርጅና ላብ እንጂ የሞት ምልክት አይደለም። በጥያቄዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰቡኝ ያልጠቀሷቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሞተሩ የታሰረበት የኋላ ግድግዳ እንጨትና ከመቀመጫዎቹ ሥር ያለው ፎም። ወደ እነሱ እመለሳለሁ፤ በመጀመሪያ ውሃውን እንፈልገው።

የጀልባዎ አሠራር ከአውሮፕላን ሥራ የተወረሰ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ለጦር አውሮፕላን ይመረት የነበረው የአሉሚኒየም ላሜራም፣ ላሜራን በሪቬት መስፋት የለመደው እጅም ሌላ ሥራ አስፈለገው፤ የጀልባ ፋብሪካዎችም ሁለቱን ተቀበሏቸው። እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ ብቻ እንኳ አሉማክራፍት በ1946፣ ለንድ በ1948 ሥራ የጀመሩት በዚሁ ዘመን ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ጀልባ ላሜራ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቅርጹን የሚይዙለት ከውስጥ የተደረደሩት ጎድኖችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሪቬቶች ናቸው። እያንዳንዱ ሪቬት ራስ ያለው አጭር የአሉሚኒየም ዘንግ ነው፤ በሁለቱ ላሜራዎች ቀዳዳ ውስጥ ካለፈ በኋላ ጭራው በመዶሻ ተጨፍልቆ ሁለተኛ ራስ ይሆናል። ጀልባው ሞገድ ላይ በተጋጨ ቁጥር፣ ከዚያም በባሰ ተሳቢ ላይ ሆኖ በአስፋልት ጉድጓድ ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር ላሜራዎቹ በጸጉር ውፍረት ያህል ይንሸራተታሉ፤ ቀዳዳው ይሰፋል፣ በስፌቱ መካከል ከፋብሪካ የተቀባው ማሸጊያም ደርቆ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ውሃ መንገዱን አይስትም።

ፍተሻው ቀላል ነው፤ ውሃውን ከውስጥ ወደ ውጭ ማስኬድ። ጀልባውን ተሳቢው ላይ እንዳለ ደረቅ ሜዳ ላይ ያቁሙት፣ አፍንጫውን ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ የተሳቢውን ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይደግፉ፣ ከዚያም በአትክልት ማጠጫ ቱቦ ከኋላ በኩል ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ውሃ ይሙሉበት። ከዚያ በላይ አይሙሉ፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን በእንዲህ ዓይነት ጀልባ ውስጥ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሊሆን ይችላል፣ ተሳቢውም ሆነ የጀልባው ሆድ ይህን ሸክም ከውስጥ እንዲሸከም አልተሠራም። ፊት ፊቱን ለመፈተሽ የኋላውን ውሃ አፍስሰው አፍንጫውን ዝቅ ያድርጉትና እንደገና ይሙሉ።

አሁን ከሥሩ ይግቡና በጀርባዎ ተኝተው በትዕግሥት ይመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምንም ላይታይ ይችላል። ቆይቶ አንዱ ሪቬት ራሱ ዙሪያ ይረጥባል፣ ከዚያ እንደ ዶቃ ያለች ጠብታ ታንጠለጥላለች፣ ጠብታዋም መሬት ከመውደቋ በፊት ላሜራውን ተከትላ ከፊሉን ሆድ ልትዞር ትችላለች። ስለዚህ መፈለግ ያለብዎት ውሃው የሚወድቅበትን ሳይሆን የሚወለድበትን ቦታ ነው። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ የተማሪ ቤት ጠመኔ ነው፤ የስፌቱን መስመር በደረቅ ጨርቅ አብሼ ጠመኔ እቀባዋለሁ፣ ውሃው የሚጀምርበት ነጥብ ላይ ነጩ ይጠቁራል። በዚያ ሪቬት ዙሪያ በማይለቅ ጥቁር ማርከር ክብ ያድርጉበት፣ በፍጥነት የሚያንጠባጥበውን በሁለት ክብ፣ የሚያልበውን በአንድ ክብ ይለዩት። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ጀልባ ሙሉ በሙሉ ሲፈተሽ ብዙውን ጊዜ ክቦቹ በሦስት ቦታ ይከማቻሉ፦ ጀልባው ዳር ላይ ሲጎተት በሚታሸው የፊት አከርካሪ ላይ፣ በመካከለኛው መቀመጫ ሥር ባሉት ጎድኖች ላይ፣ እንዲሁም የሆዱ ላሜራ ከኋላው ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ።

ሪቬቶቹን ከመወንጀልዎ በፊት ግን ውታፉን ይመልከቱ። የውሃ ማፍሰሻው ውታፍ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ውታፉ የሚገባበት ቱቦ ከግድግዳው ጋር የተያያዘበት ማሸጊያ ከላቀቀ፣ የጠቀሱት ባልዲ ሙሉ ውሃ ከዚያ ብቻ ሊገባ ይችላል። የቀድሞው ባለቤት የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ አስረውበት ከነበረ በኋላው ግድግዳ ላይ የቀሩ የብሎን ቀዳዳዎችም ይኖራሉ። ሰዎች ለሆዱ ሙሉ ቅብ ከፍለው ሲያበቁ ጥፋተኛው የጥቂት ዶላር ውታፍ ሆኖ የተገኘበትን ጊዜ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ክብ የተደረገበት ሪቬት ሁሉ መነቀል የለበትም። ላልቶ ነገር ግን ራሱ ያልተበላ ሪቬት እንደገና ሊጠብቅ ይችላል፤ ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ከውጭ በኩል ከባድና ለስላሳ ፊት ያለው ብረት የሪቬቱ ራስ ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ከውስጥ ጭራውን በመዶሻ ይመታል፤ መመታቱ ብዙና ቀላል ይሁን እንጂ ጥቂትና ከባድ አይሁን። ከውጭ ያለው ሰው ብረቱን ካላላ ራሱ እንዲወጣ እያገዙት ነው ማለት ነው። ልጅዎ ዘጠኝ ዓመቱ ስለሆነ ከውስጥ ገብቶ መዶሻውን መያዝ ያስደስተው ይሆናል፤ ብረቱን ግን እርስዎ ይያዙ።

ራሱ የተበላውን ወይም ቀዳዳው የሰፋውን ሪቬት በትራፓኖ ቀድዶ ማውጣት ግድ ነው። ትራፓኖው የሪቬቱን ራስ መሐል ብቻ ይብላ፤ ላሜራውን ካሰፋው የሚቀጥለው ሪቬት አንድ ቁጥር ከፍ ማለት ይኖርበታል። በምትኩ የሚገባው የተሻለው ሙሉ የአሉሚኒየም ሪቬት ነው። ከውስጥ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከመቀመጫ ሥር፣ በፒንሳ የሚሳበው ዓይነት መጠቀም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ጫፉ የተደፈነውን ይግዙ። በየመደብሩ የሚሸጠው ተራው ሪቬት መሐሉ ክፍት በመሆኑ ውሃውን በራሱ ወገብ ውስጥ ያሳልፈዋል፣ በውስጡ የሚቀረው የብረት ሽቦም ይዝጋል። የትኛውንም ቢጠቀሙ ከመግባቱ በፊት በባሕር ሥራ ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይንከሩት፤ 3ኤም 5200 ተብሎ የሚታወቀው ለዚህ በጣም የተለመደ ነው፣ አንዴ ከያዘ ግን የሚለቅ ስላልሆነ እጅዎንና ልብስዎን ይጠብቁ።

የቤት መስኮት የሚታሸግበትን ሲሊኮን አይጠቀሙ። ሲሊኮን ከአሉሚኒየም ጋር ለረጅም ጊዜ አይስማማም፤ ሲላቀቅ የሚተወው ቅባታማ ሽፋን ደግሞ በኋላ የሚመጣውን ጥሩ ማሸጊያ ሁሉ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። የጣሪያ ሬንጅም እንዲሁ ነው፤ ገና ሬንጅ የተቀባ ጀልባ ሲመጣ ሰዓቱ ለጥገና ሳይሆን ለመፋቅ እንደሚሄድ አውቃለሁ።

ወዳጅዎ ያሉት «ሆዱን በሙሉ መቀባት» ሙሉ በሙሉ ስሕተት ባይሆንም ጊዜውና ጎኑ ተሳስቷል። የላሉት ሪቬቶች ከጠበቁና የተበሉት ከተተኩ በኋላ በቀሩት ስፌቶች ላይ ከውስጥ በኩል ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ቀጭን ኤፖክሲ ይቀባል፤ ግሉቪት የሚባለው ለዚሁ የተሠራ ነው፣ ቀጭን ስለሆነ በስፌቱ ውስጥ እየሰረገ ይገባል። ከውጭ የተቀባ ሽፋን አሸዋና ተሳቢ ይፍቁታል፤ ከውስጥ የተቀባው ግን ይቆያል። ሥራው ያለው ከቅቡ በፊት ነው፦ ቦታውን በሳሙና ማጠብ፣ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ብርሃኑ እስኪታይ መፋቅ፣ በአሴቶን ማበስና በዚያው ሰዓት መቀባት። አሉሚኒየም በተፋቀ ደቂቃ ጀምሮ ከአየር ጋር ተዋሕዶ አዲስ ቆዳ ማብቀል ስለሚጀምር ዛሬ ፍቆ ነገ መቀባት ልፋትን ማባከን ነው። ሞቃትና ደረቅ ቀን ይምረጡ። የሚንቀሳቀስ ሪቬት ላይ የተቀባ ኤፖክሲ ግን ዘንድሮ ቢያሽግ ከርሞ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ነው «ማሸጊያውን ገና አይግዙ» ያልኩት።

ስለ ብየዳም ጥቂት ልበል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፤ በላዩ ያለው የኦክሳይድ ቆዳ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነ አሮጌ ላሜራ ላይ በያጁ ቆዳውን ለመስበር ሲሞክር ከሥሩ ያለው ብረት ቀድሞት ይፈስሳል፤ ሙቀቱም በአካባቢው ባሉት ሪቬቶች መካከል ያለውን ማሸጊያ ያቃጥለዋል። በመጀመሪያው የሥራ ዓመቴ የራሴ ጀልባ ላይ አንድ ሪቬት አስበይጄ አራት ጎረቤቶቹ በማግስቱ ማፍሰስ ጀምረውብኛል። ብየዳ ከመጀመሪያው በብየዳ ለተሠራ ወፍራም ጀልባ ወይም በድንጋይ ለተቀደደ ላሜራ ቦታ አለው፤ ለሚያልብ ሪቬት ግን የለውም።

ሪቬቶቹን ማን እንዳላላቸው ካልጠየቅን በሁለት ዓመት ውስጥ እዚሁ ጥያቄ ላይ እንመለሳለን። ከአውራ ጎዳና ጉዞ በኋላ የሚያፈስስ ጀልባ ሲመጣልኝ ከጀልባው በፊት የማየው ተሳቢውን ነው። ጀልባው የሚያርፍባቸው ሁለት ረጃጅም እንጨቶች እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ ካልደረሱ ሞተሩ በተንጠለጠለበት በኩል ያለው ሆድ በአየር ላይ ይቀራል፣ 50 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ሞተርም በየጉድጓዱ እንደ መዶሻ ይመታዋል። የእርስዎን ሄደው ይለኩት፤ እንጨቶቹ 20 ሴንቲ ሜትር ካጠሩ አርዝሟቸው። እግረ መንገድዎን የተሳቢውን ኩሽኔታዎች ግራሶ ያስሞሉ፤ ውሃ የገባበት ኩሽኔታ በጉዞ መካከል ሲቃጠል ጎማው ራሱን ችሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

ወደ ኮምፔንሳቶው እንምጣ፣ ምክንያቱም ከጥያቄዎ ውስጥ ጀልባውን በእርግጥ ሊገድለው የሚችለው ይህ ነው። በዚህ አገር ለመኖሪያ ቤት ሥራ የሚሸጠው የታከመ እንጨት ከ2003 መጨረሻ ወዲህ በአብዛኛው የሚታከመው መዳብ በበዛበት ውሕድ ነው። መዳብና አሉሚኒየም በእርጥበት ውስጥ ሲነካኩ ባትሪ ይሆናሉ፤ በዚህ ባትሪ ውስጥ የሚበላው ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። አንድ ጊዜ ውሃ የሚገባበትን ምክንያት ያጣንለት ጀልባ ወለሉን ስናነሳ በጎድኑና በላሜራው መካከል የተሰነቀረች አንዲት ባለ አንድ ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ አገኘን። በካቻቪቴ ጫፍ ስፈነቅላት ከሥሯ ያለው ላሜራ እንደ ነጭ ዱቄት ተፈረፈረ፣ በመሐሉም የጋራዡ ወለል ታየኝ። የሳንቲሟ መዳብ ስስ ልባስ ብቻ ነበር። እርስዎ ሊያስገቡት ያሰቡት ሙሉ ሰሌዳ ነው። በዚሁ ምክንያት መዳብ ያለበት የጀልባ ሆድ ቀለም፣ የነሐስ ብሎንና የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቁራጭ ከጀልባዎ ውስጥ ይራቁ። የማይዝግ ብረት ብሎን መጠቀም ካለብዎ በላሜራውና በብሎኑ መካከል የናይሎን ሮንዴላ ያድርጉ፣ ጥርሱንም በማሸጊያ ይቀቡት።

ወለል የግድ ከፈለጉ ያልታከመ፣ ሙጫው ውሃ የሚቋቋም ኮምፔንሳቶ ይግዙና ስድስቱንም ጎኑን፣ በተለይ የተቆረጠውን ጠርዝ፣ በኤፖክሲ ወይም በባሕር ቫርኒሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀቡት። በሦስት ቁራጭ ቆርጠው በእጅ እንዲነሳ ያድርጉት እንጂ በሪቬት አይምቱት፤ ከወለሉ ሥር የገባ ውሃ ካልታየዎት አይቀዱትም። ምንጣፍ አያልብሱት፤ ምንጣፍ እርጥበትን ከአሉሚኒየሙ ጋር ሳምንት ሙሉ ያስተኛዋል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሙሉ ሰሌዳ 20 ኪሎ ገደማ እንደሚመዝንም አይርሱ፤ ያ ክብደት ከስድስት ዓመቱ ልጅዎ ጋር የሚተካከል ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ለዘንድሮ ወለሉን ትቼ ለልጆቹ የላስቲክ ምንጣፍ ቁራጭ አደርግላቸው ነበር። ከሁሉም በላይ ከፍ ያለ የሚሽከረከር ወንበር በዚህ ስፋት ጀልባ ላይ አይትከሉ፤ ሰው ከፍ ብሎ በተቀመጠ ቁጥር ጀልባው ለመገልበጥ ይቀርባል።

አሁን ወዳልጠየቁት። ሞተሩ የተንጠለጠለበት፣ በዚህ አገር ትራንሰም የሚባለው የኋላ ግድግዳ ከላሜራው መካከል የእንጨት ሰሌዳ አለው። እንጨቱ ከ1987 ጀምሮ ያለው ከሆነ መበስበሱን ማሰብ አለብን። ሞተሩን ቀጥ ባለበት አቋሙ ታችኛውን ክፍሉን በሁለት እጅዎ ይያዙና ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዙት፤ ግድግዳው ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚተነፍስ ከሆነ እንጨቱ አልቋል። ከዚያ በውስጥ በኩል በካቻቪቴ ይውጉት፣ በመዶሻ እጀታም ያንኳኩት፤ ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ግን እንደ እርጥብ አፈር ይደፍናል። በአንድ ባልዲ ውሃ ጀልባ አይሰጥምም፤ ባለ 25 ፈረስ ሞተር ግን በሙሉ ጉልበት እየገፋ የበሰበሰ ግድግዳ ይዞ ሲገነጠል ውሃ የሚገባው በባልዲ አይደለም። ይህን እንጨት መቀየር የአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው፤ ለምትኩም የታከመ እንጨት እንዳይሆን ከላይ ያልኩትን አልደግምም።

ከመቀመጫዎቹ ሥር ያለው ፎም ደግሞ ጀልባዎ ውሃ ቢሞላ እንኳ ሰዎቹ ይዘውት እንዲቆዩ የሚያደርገው ነው። እርስዎ ባሕር ዳር ስላደጉ ነገሩ በታንኳ ይገባዎታል። የታንኳው ደንገል ራሱ ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ውሃ ቢሞላበትም አይሰጥምም፤ ግን እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ከዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። አሉሚኒየም ይህ ጸጋ የለውም፤ በውስጡ ያለው አየር ከጠፋ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከ1978 ወዲህ በአሜሪካ የተሠሩ፣ ከ20 ጫማ በታች የሆኑና በእንዲህ ዓይነት ሞተር የሚነዱ ጀልባዎች ውሃ ቢሞላባቸውም ተስተካክለው እንዲንሳፈፉ በሕግ ፎም ይደረግባቸዋል። 1 ሊትር ደረቅ ፎም 1 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፤ ውሃ የጠጣ ፎም ግን ራሱ ሸክም ነው። አንዱን መቀመጫ ከፍተው ጣትዎን ያስገቡ። ነጭና የደረቀ ከሆነ ዝጉት። ከጨመቁት ውሃ የሚያወጣ ከሆነ ውሃ በማይጠጣ ፎም፣ በዚያው መጠን ይተኩት። ቦታ ለማግኘት ሲሉ ፎሙን አውጥተው መሣሪያ ማስቀመጫ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ የቀድሞው ባለቤት ይህን አድርገውት እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው። ነጩ ዓይነት ፎም ቤንዚን ሲነካው እንደሚሟሟም ልብ ይበሉ።

በጀልባዎ የኋላ ግድግዳ ውስጠኛ ጎን ወይም ከመሪው አጠገብ ትንሽ የቆርቆሮ ሰሌዳ ሊኖር ይገባል፤ ከ20 ጫማ በታች በሆኑ እንዲህ ባሉ ጀልባዎች ላይ ከኖቬምበር 1972 ጀምሮ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ የሚያስገድደው ነው። በላዩ ሦስት ነገር ይነበባል፦ የሰው ቁጥር፣ የሰው፣ የሞተርና የዕቃ ጠቅላላ ክብደት፣ እንዲሁም የሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት። የእርስዎ ባለ 25 በሰሌዳው ላይ ካለው ቁጥር እንዳይበልጥ በመጀመሪያ ያንብቡት። ሰሌዳው ከጠፋ ለሰው ቁጥር የሚሠራበት ስሌት አለ፤ ርዝመቱንና ስፋቱን በጫማ አባዝቶ ለ15 ማካፈል ነው። 14 በ5 ሲባዛ 70፣ ለ15 ሲካፈል አራት ሰው ይደርሰዋል፣ ይህም አየሩ ጥሩ በሆነበት ቀን ነው። ሞተሩን ወደፊት ወደ አዲሱ ባለ አራት ምት ለመቀየር ካሰቡ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ምቱ እንደሚከብድ ያስቡበት፤ ያ ተጨማሪ ክብደት የሚሰቀለው ደካማ ሊሆን ይችላል ባልነው ግድግዳ ላይ ነው።

ስለ ሚል ላክስ። የሐይቁ ስፋት ወደ 530 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ከፍተኛው ጥልቀቱ ግን 42 ጫማ፣ ማለትም 13 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጣናም 14 ሜትር ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጣና ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ሐይቅ ሞገዱን ቶሎ ያነሳዋል፣ ሞገዱም አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ጀልባው ከአንዱ ሳይወጣ በሌላው ይመታል። ጎኑ ዝቅ ያለ ባለ 14 ጫማ ጀልባ በእንዲህ ዓይነት ውሃ ላይ ልጆች ይዞ መሐል መግባት የለበትም። ነፋሱ ጸጥ ባለበት ማለዳ፣ ከመውረጃው ሳይርቁ፣ ዳር ዳሩን ማጥመድ ይችላሉ። እኔ በግሌ ለዚህ መጠን ጀልባ ትንበያው በሰዓት 12 ማይል ነፋስ ካለ መኪናዬን ወደ ትንሽ ሐይቅ አዞራለሁ፤ ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ወዳጆች ይስቁብኛል፣ እኔም እስቃለሁ።

ውሃ አለመፍራትዎ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚኒሶታ ውሃ የጣና ውሃ አይደለም። ሜይ አጋማሽ ላይ የዎልአይ ወቅት ሲከፈት አንዳንዱ ሐይቅ በረዶው ከለቀቀው ሳምንታት ብቻ ይሆነዋል። በእንዲህ ዓይነት ቀዝቃዛ ውሃ የወደቀ ዋናተኛ በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጣቶቹ ገመድ መጨበጥ ያቅታቸዋል፤ የሰውነት ሙቀት ወርዶ ራስን መሳት የሚመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ብዙ ሰው የሚሞተው እዚያ ሳይደርስ ነው፣ ምክንያቱም ጃኬቱ መቀመጫ ሥር ነበር። በሚኒሶታ ሕግ ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው በጉዞ ላይ ሳለ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ አለበት፤ ሁለቱም ልጆችዎ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጃኬቱ በልጁ ክብደት የሚመረጥ እንጂ «ሲያድግ ይሞላዋል» ተብሎ የሚገዛ አይደለም፤ ትከሻውን ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት ጆሮውን ካለፈ ሰፍቶታል። እርስዎም ይልበሱ። ልጆቹ ከአባታቸው የሚያዩትን ነው የሚያደርጉት ማለቴ ሳይሆን፣ ጀልባው ውስጥ እነሱን ማውጣት የሚችለው አዋቂ እርስዎ ብቻ ሊሆኑ ስለሚችሉ ነው።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ፤ ከ16 ጫማ የማይበልጥ ጀልባ በሚኒሶታ የባለቤትነት ታይትል አያስፈልገውም፣ የሦስት ዓመት ፈቃድ ግን በስምዎ ማውጣት አለብዎ፤ ጎረቤትዎ የፈረሙበትን የሽያጭ ወረቀት ይያዙ። ከኋላ በቀኝ በኩል ያለው የጀልባው መለያ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞች የሞዴሉን ዓመት ስለሚያሳዩ ለ1987 ሞዴል 87 መሆን አለባቸው። ለሞተሩ ደግሞ 50 ለ1 የዘይት ቅልቅል (በ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት)፣ ኤታኖል የሌለበት ቤንዚን፣ አዲስ የውሃ ፓምፕ ጎማና አዲስ የማርሽ ዘይት ያስፈልጉታል፤ የሚወጣው አሮጌ ዘይት ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ጥገናው ሲያልቅ ጀልባውን በቅርብ ወዳለ ሐይቅ፣ ለምሳሌ ወደ ዋይት ቤር፣ ያለ ልጆቹ ይውሰዱት። በሚኒሶታ ጀልባ በመንገድ ላይ ሲጎተት ውታፉ ወጥቶ መሆን ስላለበት ውታፉን ከመኪናዎ ቁልፍ ጋር አብረው ይሰሩት፤ ቁልፉን ይዘው ሲወርዱ ትዝ ይልዎታል። ጀልባው ውሃ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ማሰሪያውን ከተሳቢው አይፍቱት፤ እዚያው ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው በማርከር ክብ ያደረጉባቸውን ሪቬቶች ከውስጥ በኩል አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ ይዳስሱ። ጨርቁ ደርቆ ከወጣ ማሰሪያውን ይፍቱት።